ለአባቴ የተጣለ ጠጅ

ነቀምቴ የሄድኩት የአባቴን መርዶ ይዤ ነው። አባቴ ካረፈ ዓመት አልፎታል። መርዶው የሚነገራቸው ሰው አባቱ ናቸው፤ ግን አልወለዱትም። ይህን አስቀድሜ ማስረዳት አለብኝ፤ አለዚያ ያደረግሁት ነገር ምን ያህል እንደሚያሳፍር ለማንም አይገባውም።

አባቴ በድርቁ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ አንገር ጉቲን ሲወርድ ብቻውን የቀረ ጎረምሳ ነበር። ቋንቋ አያውቅ፣ ዘመድ የለው፣ ወባው ደግሞ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣው። ከጊዳ አያና በኩል ማር ይዘው ወደ ገበያ የሚወርዱ አንድ ኦሮሞ ገበሬ መንገድ ዳር ተጠቅልሎ ሲንቀጠቀጥ አገኙትና በአህያቸው ጭነው ቤታቸው ወሰዱት። አስታመው ካዳኑት በኋላ ሽማግሌ ሰብስበው፣ አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው እንዲጠባ ሰጡት። እነሱ «ሀርማ ሆዳ» ይሉታል፤ በእኛ የጡት ልጅ መሆን ነው። ያንን ማር የጠባ ሰው ልጅ ነው። መሬት ይካፈላል፣ ሲያጠፋ ይቆጡታል፣ ሲሞት እንደ አብራክ ልጅ ያለቅሱለታል። አባቴ እስኪሞት ድረስ «ኣባ ኮ» ነበር የሚላቸው፤ አባቴ ማለቱ ነው። እኔም አያት ብዬ የማውቀው እሳቸውን ብቻ ነው፤ አባባ እላቸዋለሁ።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ማን ምን እንዳደረገ እዚህ አልዘረዝርም፤ ያየ ያውቀዋል፣ ያላየም ባያውቅ ይሻለዋል። አባቴ ከሰፈሩ ሰው ጋር አንድ ጠዋት የጭነት መኪና ላይ ወጥቶ፣ ስንት መንገድ ዞሮ ኮምቦልቻ እኔ ዘንድ ደረሰ። አባባም ከቀያቸው ተነቅለው ነቀምቴ ዳር ልጃቸው ዘንድ ገቡ ሲባል ሰማን። ታዲያ ሁለቱ በዚያ ሁሉ መከራ መሀል ተቀያየሙ። አባቴ «ሊሸኙኝ አልመጡም» አለ። አባባም «ሳይሰናበተኝ ሄደ» ማለታቸውን ሰማን። መንገዱ ለሁለቱም የሚያስኬድ እንዳልነበረ ሁለቱም ያውቁታል፤ ግን የወደደ ሰው ቅያሜ ምክንያት አይሰማም።

በወጉ ልጅ ነው ሽማግሌ ልኮ አባቱን የሚታረቅ። አባቴ ግን ግትር ነበር፤ እኔስ ከማን ወረስኩት። ዛሬ ልላክ ነገ ልላክ ሲል ልቡ አበጠና አልጋ ላይ ዋለ። ሊሞት ሲል እጄን ይዞ «ሂጂና ኣባ ኮን ታረቂልኝ» አለኝ። ሌላ ኑዛዜ የለውም።

እኔስ? መንገዱ ተዘግቷል አልኩ፤ እውነትም ተዘግቶ ነበር። ሲከፈት ሥራ በዛ አልኩ። የልብስ ስፌት ሱቅ ነው ያለኝ፤ ደንበኛ መቼም ሰበብ አያሳጣም፤ አንዱ ሰርግ አለብኝ ይላል፣ ሌላው ክርስትና። ስልክ ልደውል እንዳልል መርዶ በስልክ አይነገርም። ዛሬ ነገ ስል ክረምቱ ወጥቶ ሌላ ክረምት ገባ። ያንን ሁሉ ጊዜ የአባቴ ቃል እኔ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ለእኛ ለአንገር ጉቲን ቆላ ልጆች ዋና ከተማ ማለት ነቀምቴ ነበረች። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ልማር ስመጣ፣ ከአውቶቡስ ወርጄ ፎቅ ባየሁ ጊዜ አንገቴ እስኪያመኝ አንጋጥጬ ነበር። ፎቁ ሁለት ደርብ ነው፤ አሁን ሳየው ሳቄ መጣ። ዙሪያውን መስታወት የለበሱ ሕንፃዎች ውጠውታል። እኛ በጭቃ እየተንሸራተትን የምንወርድበት ቁልቁለት ኮብልስቶን ሆኗል። ባጃጁ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። ደብተር የምንገዛበት ሱቅ ባንክ ሆኗል፤ ከጎኑ ሌላ ባንክ፣ ከጎኑ ሌላ። አዲስ ልብስ የለበሰች የድሮ ጓደኛ ያገኘሁ መሰለኝ፤ ደስም አለኝ፣ ከፋኝም። አንዱን ባለባጃጅ በአማርኛ ጠየቅሁት፣ በኦሮምኛ መለሰልኝ፤ እኔም በኦሮምኛ ቀጠልኩ። አፌ ሳልጠይቀው ሲታዘዘኝ ዓይኔ እንባ ሞላ። ምን ያስለቅሳል፣ መንገድ ነው የጠየቅሁት።

የድሮ አከራዬ ቤት ነው ያረፍኩት። ሀርሜ እንላታለን፤ እናቴ እንደ ማለት ነው፤ የሰፈሩ ሁሉ ሀርሜ ናት። ጠንካራ ጴንጤ ናት፤ ተማሪ ሳለሁ ስለ እኔ የጸለየችው ጸሎት ቢደመር መንግሥተ ሰማያት በሰልፍ ሳልቆም እገባለሁ። የመጣሁበትን ስነግራት አገጯን ያዘች።

«እና ብቻሽን ልትነግሪያቸው?» አለች። «ለሽማግሌ ሰው፣ ብቻሽን፣ በቀትር?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ዛሬ ሂጂና ያሉበትን አይተሽ ነይ። ነገ ማልደን ሰው ይዘን እንሄዳለን። ከጠየቁሽ ደህና ነው በያቸው። የመርዶ ወግ ነው፣ ጌታም ይቅር ይላል። ብቻ አትቆዪ።»

አትቆዪ ነበር ያለችኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አላዘዘኝም።

አባባ ያሉት በዲጋ መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ባጃጁ አንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር አወረደኝ። ዛፉ ላይ የንብ ቀፎ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ተሰቅሏል። በሩ ላይ የመጣችው ልጃቸው ናት። አዳዳ እላታለሁ፤ ለእነሱ የአባት እህት አዳዳ ናት። አቅፋኝ ሳትጨርስ ወደ ኋላዬ ታያለች። ሌላ ሰው አብሮኝ የመጣ መስሏት ነው። ማንን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ፤ አየሁና እንዳላየ ሆንኩ።

አባባ ከጓሮ በምርኩዝ ወጡ። አንሰዋል። የኮታቸው ትከሻ ወደ ክንዳቸው ወርዷል፤ ልብስ ሰፊ ነኝና መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ባጋ ናጋን ዱፍቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያ ትከሻዬን እንደያዙ «ልጄ ደህና ነው?» አሉ።

«ደህና ነው አባባ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ። አፌ ላይ ምንም አልከበደኝም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

ቁጭ ብዬ ውሃ ጠጥቼ ልነሳ ነበር። አዳዳ ናት የያዘችኝ። ማር ትሸጣለች፤ ከዩኒቨርሲቲው እንግዳ ሲመጣ ደግሞ እዚህ ይዘውት እየመጡ ከቀፎው እስከ ጋኑ ያስጎበኙታል። አንዱ እንግዳ በፈረንጅ አገር ሰው ከከተማ እየወጣ የወይን ጠጅ ቤት እየዞረ ያያል፣ ይቀምሳል፣ ይገዛል ብሎ ነገራትና እሷም ግቢዋን ጠርጋ አስተካከለች። «እንግዳ ሁሉ የሚያየውን የቤት ልጅ ሳታየው ትሄዳለች?» አለች። አባባም ምርኩዛቸውን አንስተው ከፊቴ ቀደሙ። ቀኑ ገና ነው አልኩ፤ ትንሽ ልያቸው አልኩ። እውነቱ ግን ከእሳቸው ጋር ደስ አለኝ። መርዶ ይዤ ደስ አለኝ።

መጀመሪያ ቀፎዎቹን አሳዩኝ። አዳዳ አንድ ጥግ ላይ ዘመናዊ የሳጥን ቀፎ ደርድራለች፤ ማሩን በእጥፍ ይሰጣል አሉ። አባባ በምርኩዛቸው አንዱን ነካ አደረጉና «ንብ ሬሳ ናት እንዴ በሳጥን የምትቀመጥ?» አሉ። አዳዳ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። የአባቴን ሳጥን እኔ ነኝ የመረጥኩት፣ ጨርቁንም በእጄ ነው የሰፋሁት። እና ሳቅሁ።

ቀጥለው ማሩን። ነጩን፣ ቀዩን፣ ከግራዋ አበባ የተቀሰመውንና መጨረሻው ላይ መረር የሚለውን አስቀመሱኝ። ከዚያ ጠጁ ቤት ገባን፤ ዝቅ ያለ፣ ጨለም ያለ ክፍል ነው። አዳዳ በር ላይ ቀረች። ድሮ እሷም ትጥል ነበር፣ ቤተ ክርስቲያኗ ስትገሥጻት ተወችው። አሁን ጠጁ የአባባ ብቻ ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ጭስ እንዴት እንደሚታጠን፣ ማሩ በውሃ ሲበረዝ ቀጭኑንና ወፍራሙን በጣታቸው እንዴት እንደሚለዩት፣ ጌሾው መቼ እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚወጣ አንድ በአንድ ነገሩኝ። አንዱ ጋን ላይ ጆሮዬን እንዳስጠጋ አደረጉኝ። ውስጡ በቀስታ ይፈላል፤ እንቅልፍ እንደያዘው ሕፃን ይተነፍሳል።

«ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል።»

«ይሄ ለሽያጭ ነው። ያኛው ግን አይሸጥም።»

ጥጉ ላይ ትንሽ ጋን አለች፤ አፏ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ታስሯል። አባባ አጠገቧ ባለ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«ማር በተቆረጠ ቁጥር ከመጀመሪያው ማር ለልጄ እጥላለሁ። እዚያ ቤታችን ሳለን እሱ ነው ቀድሞ የሚቀምሰው፤ ታውቂያለሽ። አሁንም አልተውኩም። እጠብቃለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ ሊቆመጥጥ ሲል ለጎረቤት አጠጣና ሌላ እጥላለሁ። ይሄ የዘንድሮው ነው።»

ያን ጊዜ መውጣት ነበረብኝ። ራሴን አመመኝ ብሎ መውጣት ምን አለበት? እሳቸው ግን የቀንድ ዋንጫ አውርደው፣ ጨርቁን ፈትተው ቀዱልኝ። «እሱ እስኪመጣ አንቺ ቅመሺለት» አሉ። ወሰድኩ። ጠጣሁ። ጥርት ያለ፣ ጉሮሮን ሞቅ አድርጎ የሚወርድ ጠጅ ነው።

«ጣፈጠ?»

«በጣም ጣፈጠ አባባ።»

ዋንጫውን ተቀበሉኝ። «እንደተቀየመኝ ነው?» አሉ። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆነ።

«ኧረ የለም። ቅያሜው ወጥቶለታል።» ይህ እንኳ እውነት ነው።

«ታዲያ ለምን ሽማግሌ አይልክብኝም? እኔ ልሂድ እንዳልል ጉልበቴ አይደርስም፤ ደግሞ አባት ነኝ፣ አባት እንዴት ልጁ ላይ ሽማግሌ ይልካል? ሰው ይስቅብናል።» ጉልበቴን ያዙኝ። «ስሚ፣ አንቺ የልጁ ልጅ ነሽ። በእሱ ፋንታ ነገ ማልደሽ ሽማግሌ ይዘሽ ነይ። ሁለት ሰው ይበቃኛል። እታረቃለሁ። ሳልታረቅ እንዳልሞት ፈራሁ።»

እኔ መርዶ ነጋሪዋ፣ ነገ ማልጄ ሽማግሌ ይዤ የምመጣዋ፣ «እሺ አባባ» አልኩ። «ነገ ማልደን እንመጣለን።»

ፊታቸው ሲበራ አየሁት። ያንን ፊት እያየሁ አንድ ቃል ማለት ይቻለኝ ነበር። ታሟል ብል እንኳ ሌሊቱን ልባቸው ይዘጋጅ ነበር፤ ለዚህ ነው ሰው መርዶ ሲያመጣ በሽታ የሚያስቀድመው። እኔ ግን ፊታቸው እንዲህ እንደበራ ትቼው መሄድ አማረኝ። ለእሳቸው አዝኜ እንዳይመስላችሁ፤ ስወጣ እንዳያለቅሱብኝ ነው።

ሀርሜ ቤት ስመለስ «ምን አልሻቸው?» አለችኝ። «ደህና ነው አልኳቸው» አልኩ። ሌላውን ዋጥሁት። ሁለት ሽማግሎች አነጋግራ ጠበቀችኝ፤ አንደኛው የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ነው።

ጠዋት ነጠላችንን እንደ ልቅሶ አዘቅዝቀን ሄድን። ዋንዛው ሥር ከባጃጅ ስንወርድ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ግቢው ተጠርጓል፣ ለምለም ሣር ተጎዝጉዟል። ጎረቤት ተሰብስቧል፤ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። መሀል ላይ ያቺ ትንሽ ጋን ጨርቋ እንደታሰረ ተቀምጣለች። አባባ ኮታቸውን ለብሰው ኮፍያቸውን አድርገው በር ላይ ቆመዋል። በእኛ አገር ማልዶ በሽማግሌ የሚመጣ ነገር እርቅም ሊሆን ይችላል፣ መርዶም። አመጣጡ አንድ ነው። ደስታ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ነጠላ አያይም።

ሀርሜ ሣሩን አየች፤ ጋኑን አየች፤ ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ። «ምንድን ነው የነገርሻቸው?» አለች በሹክሹክታ።

አባባ ማንንም አላስቀደሙም። «አትድከሙ፣ ቁጭ በሉ» አሉ ለሽማግሎቹ። «እናንተ ሳትጠይቁኝ ይቅር ብያለሁ። እኔም ብሆን አጥፍቻለሁ፤ ዛፍ ለዛፍ ተደብቄም ቢሆን መጥቼ ልሸኘው ይገባ ነበር። ፈራሁ። ፈራሁ በሉልኝ።» የጋኑን ጨርቅ ፈቱ፤ ዋንጫውን ሞልተው ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሰጡት። ሰውየው ተቀብሎ ሣሩ ላይ አስቀመጠው። «ጴንጤ ነህ እንዴ? ችግር የለም፣ ለአንተ ብርዝ አለ» አሉና ሳቁ። ጎረቤቱም አብሮ ሳቀ።

አዳዳ ግን አልሳቀችም። የሀርሜን ነጠላ አይታለች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ተነስቶ የአባባን ክንድ ያዘ። «አባባ፣ ይቀመጡ» አለ በኦሮምኛ። «ልጅዎን እግዚአብሔር ወስዶታል። እሱ ያጽናዎት።»

ግቢው ተናወጠ። አዳዳ መሬት ላይ ወደቀች፤ ሴቶቹ ያዟት። አባባ አልጮሁም። ቀስ ብለው በርጩማ ላይ ተቀመጡና ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ለቅሶው ጋብ እስኪል ጠብቀው በእጃቸው ጠሩኝ። ሄጄ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ።

«መቼ?»

«ባለፈው ዓመት፣ በክረምት።»

«ምን ብሎ ሞተ?»

«ሂጂና ኣባ ኮን ታረቂልኝ ብሎ።»

«ያኔ ነው ያለሽ? ባለፈው ዓመት?»

«አዎ አባባ።»

ሣሩን ሲያዩ ቆዩ። «ዓመት ሙሉ» አሉ። «ዓመት ሙሉ በሞተ ልጄ ላይ ተቀይሜ ኖርኩ። ይህንን ጠጅ ስጥል እንኳ በልቤ እወቅሰው ነበር።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ ብፈልግ አጣሁ። «ትናንት ጋኑን ሳሳይሽ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ይቅርታ ልል አፌን ከፈትሁ፤ ይቅርታ የምልበት ቃል ራሱ አሳፈረኝና ዘጋሁት። አባባ ጎንበስ ብለው ሽማግሌው ሣሩ ላይ ያስቀመጠውን ዋንጫ አነሱ። ጠብታ አልፈሰሰውም። በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ እኔ ዘረጉት።

«የእሱ ድርሻ ነው» አሉ። «እንዲቆመጥጥ አልፈልግም። ትናንት ጀምረሽዋል፣ ጨርሺለት።»

ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅሁ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ ተንበርክኬ ጠጣሁት። እንደ ሐሞት ይመረኛል ብዬ ነበር። እንደ ትናንቱ ጣፈጠኝ፤ እስከ ዛሬ የማፍረው በእሱ ነው።